ጠይሟ ሙሽራ ቀይ ሆና ስትወጣ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሰርግ አልበም እሠራለሁ። ፎቶውን ኢንዲዛይን በሚባል የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ እደረድራለሁ፣ ኢንክ እየረጨ በሚያትም ባለ 6 ቀለም ኢንክጄት ፕሪንተር ላይ አትማለሁ። ስለ ቀለም የማውቀውን አብዛኛውን ያስተማረኝ አንድ አልበም ነው።

የሙሽራዋ እናት ሊረከቡኝ መጡ። ሁለት ገጽ ገለጡ፣ ሦስተኛው ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉና መልሰው አደረጉ። «ልጄ፣ ይቺ እኮ የኔ ልጅ አይደለችም። የኔ ልጅ ጠይም ናት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልጅቷ ፊቷ ቀልቷል፣ ለመልሱ የለበሰችው ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ደግሞ ውሃ ሰማያዊ ሆኗል። ስክሪኔ ላይ ሁለቱም ልክ ነበሩ። «እናቴ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ፣ እንደገና እሠራዋለሁ» አልኳቸው። የ40 ገጽ ወረቀትና ኢንክ ከኪሴ ወጣ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ፎቶሾፕ ከፍቶ ቀዩን መቀነስ ነበር። ቀንሼ አተምኩ፣ ፊቷ አረንጓዴ አረንጓዴ አለ። ትንሽ መልሼ አተምኩ፣ ደበዘዘች። ሲመሽ ወለሉ በወረቀት ተሞልቷል። የማምነው ስክሪን ራሱ ልክ ካልሆነ በምን ለክቼ ነው የማስተካክለው?

ስለዚህ ከስክሪኑ ጀመርኩ። ብርሃኑ 100 ፐርሰንት ላይ ነበር፣ ነጩም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም፣ የሚታየን ያረፈበት ብርሃን ነው። ስክሪኑ እንደ አምፖል ሲያበራ ህትመቱ ሁልጊዜ የጨለመ ይመስላል። ካሊብሬተር የሚባለውን መለኪያ ከሁለት የሙያ ጓደኞቼ ጋር አዋጥተን ገዛን። ስክሪኑ ላይ ይንጠለጠላል፣ የሚወጡትን ቀለሞች አንድ በአንድ ይለካል፣ መጨረሻ ላይ የስክሪኑን ፕሮፋይል፣ ማለትም ስክሪኑ ቀለምን እንዴት እንደሚያወጣ የሚናገር ፋይል፣ ይሠራል። ነጩን 6500 ኬልቪን፣ ብርሃኑን 100 ካንዴላ በካሬ ሜትር ገደማ ላይ አደረግኩት። ስክሪኑ ቢጫ የሆነ መሰለኝ። በሁለት ቀን ዓይኔ ለመደው።

ትልቁ ጥፋት ግን የተገኘው የፕሪንት መስኮቱ ውስጥ ነው። ቀለሙ ሁለቴ ይታረም ነበር። ኢንዲዛይን በወረቀቱ ፕሮፋይል አስተካክሎ ይልካል፤ የፕሪንተሩ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ ፕሪንተሩን የሚያዘው ፕሮግራም) ደግሞ ያልተነካ ፎቶ መስሎት እንደገና ያስተካክላል። አንድ ወጥ ላይ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ጨው ሲጨምር በሉት። ፊቷን ያቀላው ይሄ ነው። አሁን ቀለሙን ኢንዲዛይን እንዲወስን እመርጥና የወረቀቱን ፕሮፋይል እሰጠዋለሁ። ከዚያ ድራይቨሩ ውስጥ ገብቼ የቀለም ማስተካከያውን ጨርሶ አጠፋለሁ። የወረቀቱ ዓይነት ግን እዚያው ድራይቨሩ ላይ በትክክል መመረጥ አለበት። ምን ያህል ኢንክ እንደሚረጭ የሚወሰነው በእሱ ነው።

የወረቀቱ ፕሮፋይል ማለት ይሄ ፕሪንተር፣ በዚህ ኢንክ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ምን እንደሚያወጣ የሚናገር ትንሽ ፋይል ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተቀየረ ፋይሉ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ይሆናል። እኔ ደግሞ ረከስ ያለውን እያየሁ አንዱን ወር አንድ ዓይነት ኢንክ፣ ሌላውን ወር ሌላ እሞላ ነበር። አሁን ኦሪጅናሉን ኢንክና ፕሮፋይል የተሠራለትን አንድ ወረቀት ይዤ ቀረሁ። ወጪው ይከብዳል፣ አልዋሽም። አልበም እንደገና ማተም ግን የባሰ ይከብዳል።

ሌላም ነገር ነበረ። ለማተሚያ ቤት ሥራ ሳዘጋጅ እንደለመድኩት ፎቶውን ሁሉ አስቀድሜ ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ወደ አራቱ የህትመት ቀለሞች፣ እቀይር ነበር። ለኦፍሴት፣ ለማተሚያ ቤቱ ማሽን፣ ልክ ነው፤ ያውም ማተሚያ ቤቱን የትኛውን ፕሮፋይል እንደሚጠቀም ጠይቆ። እንደኔ ያለ ኢንክጄት ድራይቨር ግን የሚጠብቀው አርጂቢ፣ ማለትም ቀለምን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የሚገልጸውን፣ ነው። ስለዚህ ፎቶው ከአርጂቢ ዓይነቶች ኤስአርጂቢም ይሁን አዶቤ አርጂቢ እንደመጣ ይቆያል፣ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው የፎቶው ፕሮፋይል አብሮት እስካለ ድረስ። ከስልክ የሚልኩልኝን ደግሞ «በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩልኝ» እላቸዋለሁ። እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆና አንሶ ነው የሚደርሰኝ።

ሙሉ ገጽ ከማተሜ በፊት አሁን ሦስት ጣት የምትሰፋ ቁራጭ አትማለሁ። የሙሽራዋ ፊት፣ የነጠላው እጥፋት፣ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ፣ ከጎናቸው አንድ ግራጫ አራት ማዕዘን። ጉዱን የምታወጣው ግራጫዋ ናት። ፊት ላይ ዓይን ቶሎ ይታለላል፣ ለምዶ ያልፈዋል። ግራጫ ወደ ሮዝ ካደላ ግን ወዲያው ይታያል፣ ፊቱም አብሮ አድልቷል ማለት ነው። ፕሪንተሩ ጥቂት ቀን ሳይሠራ ከሰነበተ ደግሞ መጀመሪያ ኖዝል ቼክ፣ የኢንክ ቀዳዳዎቹ አለመደፈናቸውን የሚያሳይ የሙከራ ህትመት፣ አወጣለሁ። የማጀንታው (ወደ ሮዝ የሚያደላው ቀይ ኢንክ) ቀዳዳ ተደፍኖ ከሆነ የፈለገውን ያህል ፕሮፋይል ቢኖር ፊት አረንጓዴ ይሆናል።

ቁራጯን ወዲያው አልፈርድባትም። ትደርቅ። ከዚያ በር ላይ ወጥቼ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘኝ ጥላ ሥር አያታለሁ። የሱቄ መብራት ርካሽ ኤልኢዲ ነው፣ ጠይም ፊት ላይ ያለውን ሙቀት ይበላዋል። ስንት ጊዜ ልክ የሆነ ህትመት በዚያ መብራት አይቼ እንዳበላሸሁ!

እናትየው በሳምንቱ መጡ። አልበሙን በር ላይ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ስለ ልጃቸው ፊት ምንም አላሉም፣ ገጹን በቀስታ እየገለጡ ሄዱ። መሀል ላይ ጣታቸውን ቀሚሱ ጥለት ላይ አሳረፉ። «ይሄ አረንጓዴ ትንሽ ደከም አላለም?» አሉኝ።

ደክሟል። ስክሪኑ ብርሃን ነው፣ ፕሪንተሩ ኢንክ ነው፤ ያን የሚያበራ አረንጓዴ ኢንኩ አይደርስበትም። ኢንዲዛይን ውስጥ ህትመቱ ምን እንደሚመስል ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን ፕሩፍ ከለርስ የሚለውን ሳበራ ጥለቱ ዓይኔ እያየ ዝቅ ይላል፣ ወረቀቱ ላይም የሚወጣው እንደዚያ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው፣ ስክሪኑንም አዙሬ አሳየኋቸው። አሁን ደማቅ ጥለት ያለበት አልበም ሲመጣ ቁራጯን ቀድሜ ለደንበኛው እሰጣለሁ፣ ቤቱ ወስዶ ከቀሚሱ ጋር ያስተያያታል። እሺ ሲለኝ አትማለሁ።