የተኳረፉት አንበሶች

ብየዳ ለሚማር ወጣት ሥዕል ማስተማር ትዕግሥት ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ንድፍ የማስተምራቸው ልጆች ከመንዝ፣ ከአንኮበርና ከጣርማ በር የመጡ ናቸው። ቤተሰብ የሚጠብቅባቸው ቶሎ ሙያ ይዘው ገንዘብ እንዲያገኙ ነው። አንዱ «መምህር፣ እኔ የምፈልገው በር መሥራት ነው፤ ሥዕል ለቤተ ክርስቲያንና ለሆቴል ግድግዳ ነው» አለኝ። የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌም ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠና እንደነበር ነገርኩት። «ታዲያ እሱ ምሕንድስናውን ትቶ ወደ ሥዕል ሄደ፤ እኔ ብየዳውን ልተው?» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ ባለ ሁለት ተከፋች የግቢ በር አዘዙ። በየተከፋቹ መሃል አንዳንድ አንበሳ ይቀመጣል፤ አንበሶቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ንድፉ ለእኔ ክፍል ተሰጠ።

ልጆቹ አንበሳውን ጸጉር በጸጉር ሊስሉት ተነሡ። ብረት መቁረጫው ግራይንደር ደግሞ ጸጉር አይቆርጥም። አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ፎቶግራፍ አሳየኋቸው። ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የሠራው ነው፤ ዝርዝር የለውም፣ በጥቂት ጠንካራ ቅርጾች ብቻ ግርማ ሞገሱን ይዞ ቆሟል። ከዚያ በኋላ ላጲሱ ሥራ በዛበት። ዓይኑ ግን አስቸገረን። ወረቀት ላይ ክብ ውስጥ ነጥብ ማድረግ ይበቃል፤ ላሜራ ላይ ክቡን ዙሪያውን ከቆረጡት ብሌኑም አብሮ መሬት ይወድቃል። ስለዚህ ብሌኑን ከቅንድቡ ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ድልድይ መተው ነበረብን። ይህን ያገኘው ያ ሥዕል አልፈልግም ያለኝ ልጅ ነው። ብረት ላይ መስመር ብቻውን እንደማይቆም ከእኔ በፊት ያውቅ ነበርና።

ንድፉ በካርቶን ላይ ተቆርጦ ለሁለት ሠልጣኞች ተሰጠ። እያንዳንዳቸው በየላሜራቸው ላይ በጠመኔ አስምረው ቆረጡ፣ ጎፈሩንም ቶንዲኖ በሚባለው ክብ ዘንግ ብረት፣ በባለ 6 ሚሊ ሜትሩ፣ በያይደው አስጌጡ። የብየዳው አሠልጣኝም አዩት፣ ጥራቱን አመሰገኑ።

በሩ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተዘርግቶ አንበሶቹ በየቦታቸው ሲቀመጡ ግን ነገሩ ታየ። ሁለቱም ወደ ቀኝ ያያሉ። የግራው የጓደኛውን ጅራት ያያል፤ የቀኙ ደግሞ ፊቱን ወደ ማጠፊያው መልሷል። ሥራው የት እንደደረሰ ሊያዩ የመጡት ባለቤት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆዩና «ምነው ልጆቼ፣ ተኳረፉ እንዴ?» አሉ።

አሠልጣኙ የአንዱን ጎፈር በግራይንደር አንሥተን በሌላው ገጹ እንበይደው አሉ። ላሜራው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ስስ ብረት ላይ ሙቀት ሲደጋገም ይጣመማል፤ ግራይንደሩም ካልተጠነቀቁ ይበሳዋል። ሲከራከሩ አንዲት ሠልጣኝ ካርቶኑን አንሥታ ገለበጠችው፤ አንበሳው ወደ ግራ ዞረ። «ጋሼ፣ ጎፈሩን ለምን እናነሣዋለን? ላሜራውን እንገልብጠውና በባዶው ገጽ ሌላ ጎፈር እንጨምርለት። አሮጌው ወደ ግቢው ውስጥ ይዞር።»

ከውስጥ ሲታይ አንዱ ባለ ጎፈር፣ ሌላው መላጣ ሊሆን ነው። ስለዚህ የግራውም ከጀርባው ጎፈር ተጨመረለት። ባለቤቱ ደስ አላቸው፤ እስከ ዛሬ ያዩት የግቢ በር ሁሉ ጌጡ ለመንገደኛ፣ ጀርባው ለቤተሰብ ነው አሉ። እኔም ብሆን እንደ ሠዓሊ የበር ጀርባ አስቤ አላውቅም፤ ሸራ ጀርባውን ለግድግዳ ነው የሚሰጠው።

አሁን ጀማሪዎችን የማስጀምረው ከዚህ ነው። ወረቀት ያጥፋሉ፣ በአንዱ ግማሽ ላይ በከሰል ይስላሉ፣ ያጥፉትና በማንኪያ ጀርባ ይፈገፍጋሉ፤ ሲከፍቱት የቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ የራሳቸውን ስም እንዲህ አድርገው ያትማሉ። ስም ተገልብጦ ሲወጣ የሚስቁት ሳቅ ከእኔ ገለጻ የበለጠ ያስተምራቸዋል። ከወረቀቱ በኋላ ወርክሾፑ ወለል ላይ ሙሉውን በር በትክክለኛ ልኩ በጠመኔ ሳይስሉ ብረት አይነኩም።

አሠልጣኙ ግን የተጨመረውን ቶንዲኖና ኤሌክትሮድ በሥዕል ክፍል በጀት ላይ ይመዝገብ ብለው ጽፈዋል። የክፍላችን በጀት ጠመኔና ወረቀት ብቻ ስለሆነ ሒሳብ ሹሟ ደብዳቤውን ወዴት እንደምታስገባው ጨንቋት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣዋለች።