ለእማዬ የትኛው ሌንስ ይግባላት?

እማዬ የአይን ሞራ ኦፕራሲዮን ልታደርግ ነው፣ ሰሞኑን ቤታችን ወሬው ሁሉ ሞራው ወጥቶ በምትኩ አይኗ ውስጥ የሚገባው ሰው ሰራሽ ሌንስ ሆኗል። ዘመድ አዝማዱ "ውድ ውዱን አስገቡላት፣ ለእናት አይሰሰትም" ይላል። እኔ ደግሞ ውድ ስለሆነ ብቻ ይሻላታል ማለት አይደለም ብዬ ድርቅ ብያለሁ።

መልቲፎካል የሚባለው ቅርብም ሩቅም ያሳያል፣ ግን ብርሃኑን ስለሚከፋፍለው ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ማታ ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት የሚታያቸው ሰዎችም አሉ። እማዬ ደግሞ ስኳሩ ሬቲናዋን (ከአይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለውን ክፍል) ነካ አድርጓታል፣ እንደዚህ አይነት አይን ላይ ብዙ ጊዜ አይመከርም፣ ስለዚህ ተውነው። የቀረው ሞኖፎካሉ ነው። ዋጋው ስላነሰ ንቀው የሚያዩት አሉ፣ እኮ ህንድ ማዱራይ ያለው አውሮላብ የሚባል አምራች እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሌንስ በርካሽ ማምረቱ ነው ስንቱን ድሃ ብርሃን ያሳየው።

ሞኖፎካል ግን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው አንድ ርቀት ላይ ነው፣ የቱ ርቀት ላይ ይሁን የሚለውን ካልጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ ለሩቅ ተደርጎ ነው የሚገባው። እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ ሩቅ አይታያትም፣ ቅርቡን ግን ያለ መነፅር ነው የኖረችው። ጠዋት ዳዊቷን ስትደግም መነፅሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መፅሐፉን አፍንጫዋ ስር ታስጠጋዋለች፣ ምስር ስትለቅምም እንደዛው ነው። ለሩቅ ቢደረግላት ዕድሜዋን ሙሉ በባዶ አይኗ ያየችው ነገር ሁሉ ሊደበዝዝባት ነው።

ይሄን ስናነሳ ሐኪሙ ወደሷ ዞሮ "ማዘር፣ ምን ሲሰሩ ነው የሚውሉት?" አላት።

"ዳዊቴን እደግማለሁ፣ ጥጤን እፈትላለሁ፣ ሌላ ምን አለኝ ልጄ።"

በቃ እዛው ተወሰነ። 40 ሴንቲ አካባቢ ላይ ጥርት ብሎ እንዲታያት ይደረጋል፣ ለሩቅ እንደለመደችው መነፅር ታደርጋለች፣ ሁለተኛው አይኗ ሲሰራም በዚሁ ልክ ነው። አሁን ሀሳቤ ያለው ልኬቱ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የሌንሱ ቁጥር የሚወጣው ከአይኗ ኳስ ርዝመትና ከኮርኒያዋ (ከፊት ካለው ጥርት ያለ ሽፋን) ቅርፅ ነው፣ ርዝመቱ ላይ የ1 ሚሊሜትር ስህተት ቁጥሩን በ2.5 ዳዮፕተር (የሌንስና የመነፅር ቁጥር መለኪያ ነው) ገደማ ያዛባዋል፣ ያ ማለት ለቅርብ የታሰበው ለሩቅ ሆኖ ቁጭ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ድጋሚ ይለካላት ብዬ ለምኛለሁ፣ እሺ ብለውኛል። እናት አባታችሁን ለቅርብ ያሰራችሁ ካላችሁ ደረጃና መንገድ ላይ እንዴት እንደሆኑ እባካችሁ ንገሩኝ፣ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።