ሽፋኑና ቻርጀሩ፦ የጆይስቲክ አክሰሰሪን በጥቅል መሸጥ እንዴት እንደተማርኩ

የመጀመሪያውን ጥቅል ያዘጋጀሁት ደንበኛ ጠይቆኝ ሳይሆን መደርደሪያዬ ላይ የተኛ ዕቃ ስለበዛብኝ ነበር። ጊዜው 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ መገናኛ አካባቢ ከአንድ የሞባይል አክሰሰሪ ነጋዴ ጋር በግማሽ በተከራየኋት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክና ተያያዥ ዕቃዎች እሸጥ ነበር። ጆይስቲኩ ራሱ በደንብ ይሄዳል፤ ትርፉ ግን ቀጭን ነው፤ ደንበኛው መርካቶ ውስጥ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቆ፣ ቴሌግራም ላይ አወዳድሮ ነው የሚመጣው። የተሻለ ትርፍ ያለው በአክሰሰሪው ላይ ነበር፤ እሱን ብቻ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የሲሊኮን ሽፋን፣ የስቲክ (በአውራ ጣት የሚገፋው የጆይስቲኩ ዘንግ) ቆብ፣ ሁለት ጆይስቲክ አቁሞ የሚሞላ ቻርጀርና ገመድ በአንድ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ከትቼ፣ ለየብቻ ቢገዙ ከሚያወጡት ዋጋ ጥቂት ቀንሼ፣ ጆይስቲክ ለሚገዛ ሁሉ አቀርብ ጀመር።

አንድ ሳምንት ያህል ነገሩ የተሳካ መሰለኝ። ከዚያ ከገዙት ልጆች አንዱ ላስቲኩን እንዳለ ይዞ መጣና «ወንድሜ፣ ይኼ ቻርጀር አይሠራም» አለኝ። ቻርጀሩን ሰካሁትና የራሴን ጆይስቲክ ባስቀምጥበት ወዲያው መብራቱ በራ። የእሱን ሳስቀምጠው ግን ጭል እንኳን አላለም። ጆይስቲኩ ሽፋኑን ለብሷል። «ሽፋኑን አውልቀህ ሞክረሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ካወለቅኩትማ ለምን ገዛሁት?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያ ቻርጀር ጆይስቲኩን የሚሞላው ከታች በኩል፣ ከጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ አጠገብ ባለችው መሰኪያ ነው፤ ሲሊኮኑ ዙሪያውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚያወፍረው ጆይስቲኩ መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ አይወርድም፤ ካልወረደ ደግሞ አይነካካም። ሁለቱም ዕቃዎች ለየብቻቸው ደህና ናቸው፤ አብረው ግን አንዱ ሌላውን ከሥራ ውጭ ያደርጋል። እኔ ደግሞ ከአንድ ላስቲክ ውስጥ ከመክተቴ በፊት አንድ ቀን እንኳን አብሬ አልሞከርኳቸውም። የልጁን ገንዘብ መለስኩ፤ በዚያው ማታ የቀሩትን ጥቅሎች በሙሉ ፈታሁ። ከዚያ ወዲህ ዕቃዎቹን እቤቴ ወስጄ ቢያንስ አንድ ሌሊት አብሬ ሳልጠቀምባቸው በአንድ ጥቅል አልሸጥኩም።

ሁለተኛው ስህተት የገመዱ ነበር፤ ዋጋው ግን ከመጀመሪያው ከበደ። ከአንድ የጅምላ ነጋዴ ርካሽ የማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ በብዛት አምጥቼ ነበር። ከገዙት ሰዎች መካከል የተወሰኑት «ጆይስቲኩ ይሞላል፤ ማሽኑ ግን አያውቀውም» እያሉ መመለስ ጀመሩ። መጀመሪያ ጥፋቱን በጆይስቲኩ ላይ አላከክሁ፤ ሁለት ጆይስቲክም በአዲስ ቀየርኩ። ነገሩ የገባኝ አንዱን ገመድ በምላጭ ሰንጥቄ ባየሁበት ቀን ነው፤ ውስጡ ያለው ሁለት ሽቦ ብቻ ነበር፣ አንድ ቀይና አንድ ጥቁር። ዳታ የሚያስተላልፉት ሁለቱ ሽቦዎች የሉም። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ከአዲስ ማሽን ጋር የሚተዋወቀው በተለምዶ በገመድ ተሰክቶ ነው፤ በብሉቱዝ መሥራት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመሆኑም ዳታ የማያስተላልፍ ገመድ አዲስ ጆይስቲክን ደንበኛው ዓይን ፊት የተበላሸ ያስመስለዋል። አሁን አዲስ ገመድ ሲገባ ከየእስሩ ጥቂቱን ከስልኬና ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ፎቶ ማስተላለፍ መቻሉን አያለሁ። የጅምላ ነጋዴው ገመዶቹን አልተቀበለኝም፤ «ቻርጅ ያደርግ የለም?» ብሎ ነው የሸኘኝ፤ በበኩሉ አልዋሸም።

ሦስተኛው ስህተት የዕቃ ሳይሆን የአነጋገር ነው። በጥቅል የመጣልኝ ዕቃ ቶሎ እንዲያልቅ ስል «ጆይስቲኩ ከእነዚህ ጋር ነው የሚሸጠው» ማለት ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ለልጃቸው ሊገዙ የመጡ እናት ዋጋውን ሰምተው ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ዘይት ያለ ሳሙና አንሸጥም ያሉን አንሶ አንተ ደግሞ ይኼን ላስቲክ ካልገዛሽ ትለኛለህ?» አሉኝ። ከጎኔ ያለው የሞባይል ነጋዴ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም ትክክል ነበሩ። አገራችን ውስጥ አስሮ መሸጥ የሚለው ነገር ሰው ጆሮ ላይ የእጥረት ጊዜን ስለሚያመጣ፣ ጥቅሉ ቅናሽ ቢኖረውም እንኳን ደንበኛው ተገደድኩ ብሎ ያስባል። ጆይስቲኩን ብቻ ሸጥኩላቸውና ሁለት የስቲክ ቆብ መረቅኩላቸው። በሁለተኛው ወር ያንን ቻርጀር ፈልገው የመጡት ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የየዕቃውን ዋጋ ለየብቻ መጻፍ ጀመርኩ፤ ደንበኛው የማይፈልገውን አውጥቶ የቀረውን መውሰድ ይችላል። ምርቃትን በተመለከተም የማምነው ነገር አለኝ፤ የእኛ ደንበኛ ከአንድ ሺህ ብር ላይ ሃምሳ ብር ከሚቀነስለት ይልቅ ሃያ ብር የማይሞላ ዕቃ በእጁ ቢጨመርለት የበለጠ ይደሰታል። ቅናሹን መንገድ ላይ ይረሳዋል፤ ምርቃቱን ግን እቤቱ ሄዶ ያሳያል።

ነገሩን በትክክል መሥራት የጀመርኩት ግን ወደ ጌም ቤቶች በመሄድ ነው። ሱቁን ከመክፈቴ በፊት በአንድ ጌም ቤት ሒሳብ ተቀባይ ሆኜ ስለሠራሁ ቦታውን አውቀዋለሁ። ጎፋ አካባቢ ወዳለ አንድ ጌም ቤት ሄጄ ባለቤቱን «ጋሼ፣ በወር ውስጥ ምን ምን ይበላሽብዎታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳይመልሱ አንድ የብስኩት ካርቶን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ዘጠኝ ጆይስቲክ ነበር። ሰባቱ ላይ የግራው ስቲክ ጎማ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተልጦ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ወጥቷል፤ በፊፋ ተጫዋቹን የሚያስኬደው ግራው ስለሆነ ከጠዋት እስከ ምሽት የሰው አውራ ጣት ከላዩ አይነሳም። (ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ስሙን ወደ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ቢቀይርም እኛ ጋር አሁንም ፊፋ ነው።) ከዘጠኙ በአራቱ የገመድ መሰኪያውም ላልቷል። በሁለቱ ደግሞ ማንም ሳይነካው ቁልፍ ይጫናል።

እያንዳንዱ ብልሽት የራሱ ምክንያት አለው። መሰኪያው የሚላላው ገመዱ አጭር ስለሆነ ነው፤ ተጫዋቹ ጎል ሲያገባ ይነሳል፤ ሲነሳ ይጎትተዋል። ቁልፍ በራሱ የሚጫነው ደግሞ ከቁልፎቹ ሥር ያለውን ቀጭን የፕላስቲክ ንጣፍ ከቦርዱ ጋር የሚያጣብቀው ትንሽ ስፖንጅ ከብዙ አገልግሎት በኋላ ስለሚሳሳ ነው፤ ጆይስቲኩን ፈትቶ አዲስ ስፖንጅ መለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ለጌም ቤት ያዘጋጀሁት ጥቅል ውስጥ የገቡት ዝቅ ያሉ የስቲክ ቆቦች፣ ሦስት ሜትር የሚረዝም ዳታ የሚያስተላልፍ ገመድ፣ በልክ የተቆረጠ ስፖንጅና አንድ ትንሽ ባለ መስቀል ጠመንጃ መፍቻ፣ ማለትም ለጆይስቲክ ብሎን የሚሆን ካቻቢቴ፣ ነበሩ። ሽፋን አላስገባሁም፤ በብዙ ሰው እጅ የሚያልፍ ጆይስቲክ ላይ ሲሊኮን ላብ ይይዛል፣ ይንሸራተታል።

«ዝቅ ያሉ» ያልኩበት ምክንያት አለኝ። በብዙ የመጡልኝ የቆብ ስብስቦች ውስጥ ከፍ ያሉትም ነበሩ፤ እነሱ የተሠሩት በተኩስ ጨዋታ ላይ ለማነጣጠር እንዲያመቹ ነው፤ ስቲኩ ሲረዝም ትንሽ እንቅስቃሴን መቆጣጠር ይቀላልና። ለኳስ ግን ያዘገያሉ። ከፍ ያለውን ቆብ ያደረገ አንድ ልጅ በተከታታይ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ በኋላ ነቅሎ ሲወረውረው በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስብስቡን እየፈታሁ ዝቅ ያሉትን ለጌም ቤት፣ ከፍ ያሉትን ቤታቸው ሆነው የተኩስ ጨዋታ ለሚጫወቱ እለያለሁ።

ስለ ቆብ አንድ ያጠፋሁት ነገርም አለ። መጀመሪያ አካባቢ ቆብ ያደረገ ስቲክ ብቻውን ከመሄድ ይድናል ብዬ እናገር ነበር፤ ሐሰት ነው። ስቲክ ሳይነካ ብቻውን የሚሄደው ከሥሩ ያለው ተለዋዋጭ ሬዚስተር (የስቲኩን እንቅስቃሴ የሚለካው ክፍል) ካርበኑ ሲበላ ወይም አቧራ ሲገባው ነው፤ ቆብ የሚጠብቀው የላዩን ጎማ ብቻ ነው። ያንን ለማስተካከል አሮጌውን ስቲክ ከ14 የብየዳ ነጥቦች ላይ ማንሳትና አዲስ መበየድ ያስፈልጋል። እኔ ብየዳ ስለማልችል በአቅራቢያዬ ካለ ባለሙያ ጋር ተስማማሁ፤ ስቲኩን እኔ እሸጣለሁ፣ የእጁን እሱ ይቀበላል። ጌም ቤቶቹ ጋር ያቆየኝ ከቆቡ ይልቅ ይህ ስምምነት ይመስለኛል።

ፕሌይስቴሽን 5 መምጣት ሲጀምር ደግሞ ሌላ ዓይነት ደንበኛ ተፈጠረ፤ ዘመዱ ከአሜሪካ ማሽን የላከለት ሰው። በካርቶኑ ውስጥ በተለምዶ ያለው አንድ ጆይስቲክ ነው፤ ኳስ ደግሞ ለብቻ አይጫወቱም። ሁለተኛውን ሲፈልግ የአዲሱን ዋጋ ሰምቶ ይደነግጥና «የፕሌይስቴሽን 4ቱን ስጠኝ፣ ይሠራል ብለውኛል» ይላል። እውነትም ይሠራል፤ ግን በፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎች ላይ ብቻ ነው፤ ለ5 ተብሎ የተሠራውን ጨዋታ ሲከፍት አይቀበለውም። ዝም ብሎ የሸጠ ነጋዴ በማግስቱ ስድብ ይጠብቀዋል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «የምትጫወቱት ምንድን ነው?» ብዬ ነው፤ ፊፋ ብቻ ከሆነ የጨዋታውን የ4 ቅጂ በዚያው ማሽን ላይ ጭነው በርካሹ ጆይስቲክ ሁለት ሆነው መጫወት እንደሚችሉ እነግራቸዋለሁ።

ለእነዚህ ደንበኞች ካዘጋጀሁት ጥቅል ውስጥ ከሁሉም የበለጠ የተወደደችው ዕቃ በጣም ርካሿ ናት። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን የኃይል ገመዱ ጫፍ ጠፍጣፋ ስለሆነ እኛ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ሰዉ «ትራንስፎርመር ያስፈልገኛል?» እያለ ይጨነቃል። ማሽኑ ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ የሚያስፈልገው ለቴፕና ለሬዲዮ የምንጠቀምበት ባለ ሁለት ቀዳዳ ገመድ ብቻ ነው። ያንን ገመድ ከጆይስቲኩ መሙያ ጋር አብሬ ስሰጥ፣ ትራንስፎርመር ሊገዛ የነበረ ሰው ፊት ላይ የማየው እፎይታ ሌላ ነው።

በሙሉ የከሰርኩበትን ዕቃም ልንገር። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ከፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ጀርባ የሚሰካ፣ ሁለት ተጨማሪ ቁልፍ ያለው ዕቃ በ30 ዶላር ገደማ አወጣ። ትንሿ ክብ ስክሪኑ፣ ቁልፎቹን እንደፈለጉ መቀየር መቻሉ፣ ሁሉ ነገሩ ማረከኝ፤ ከውጭ በሚመጣ ሰው ጥቂት አስመጣሁ። የሚሰካው ግን ከላይ በጠቀስኳት የታች መሰኪያ ላይ ነው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የወጣው የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ያቺ መሰኪያ የለውም። ጌም ቤቶች ደግሞ መጀመሪያውኑም አልፈለጉትም፤ «ኳስ ለመምታት የጀርባ ቁልፍ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። አንዱን ለራሴ አስቀርቼ ሌሎቹን ከገዛሁበት በታች ሸጥኳቸው። እኔ የወደድኩትና ደንበኛዬ የሚፈልገው አንድ እንዳልሆነ ለማወቅ ውድ ዋጋ ከፈልኩ።

የመጨረሻው ፈተና የዋጋ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኔ በጥቅሎቹ ላይ ዋጋ አሳትሜ ለጥፌ ነበር። በዚያው ዋጋ ስሸጥ ቆይቼ ዕቃ ልተካ መርካቶ ስወርድ፣ አሥር ጥቅል የሸጥኩበት ገንዘብ ሰባት ጥቅል እንኳን አልሞላልኝም። አሁን ዋጋ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ የምጽፈውም ዕቃውን በገዛሁበት ሳይሆን ዛሬ ብተካው በሚያወጣው ላይ ተመሥርቼ ነው። ለጌም ቤቶቹ ግን የወሩን ዋጋ በወሩ መጀመሪያ እነግራቸዋለሁ፣ በመሐል አልጨምርም፤ ልዩነቱ ሲመጣ እኔ እችለዋለሁ።

ከመጀመሪያዎቹ ጥቅሎች የተፈቱት የሲሊኮን ሽፋኖች አሁንም ዘጠኝ ቀርተውኛል። ሁሉም ቀይ ናቸው። በራሳቸው ፍላጎት ለሚጠይቁ ልጆች እሸጣቸዋለሁ፤ ላስቲካቸው ላይ ግን በእስክሪብቶ «አቁሞ ከሚሞላው ቻርጀር ጋር አይሄድም፤ በገመድ ሙላ» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ።