ታሪፉ «እንደ አስፈላጊነቱ» ይሻሻላል ብዬ ፈረምኩ

ኮምቦልቻ ላይ የከባድ መኪና ማቆሚያ ከነሻወሩና ከነሽንት ቤቱ ሠርቼ አንቀሳቅሳለሁ። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ገንዘቡና ልፋቱ የእኔ። 15 ዓመት ሠርቼበት አስረክባለሁ። «የመንግሥትና የግል አጋርነት» የሚባለው አሠራር በትንሹ ይህን ይመስላል። ከመፈረሜ በፊት አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ እቆጫለሁ። ሰሞኑን ደሴም ኮምቦልቻም እንዲህ ያለ ውል ሊገቡ ያሰቡ ሰዎች እየደወሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ከምደግመው እዚህ ላስቀምጠው።

ሐሳቡ የመጣው ከሹፌሮች ነው። ደሴ ላይ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ። ብረትና ቆርቆሮ የሚያመጡልኝ ሹፌሮች ሁሌ አንድ ነገር ያማርሩ ነበር። ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ የሚመጣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ መኪናውን ሳይሰጋ የሚያቆምበት ቦታና ገላውን የሚታጠብበት ውሃ። ደረቅ ወደቡ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ተመርቋል። የሚያልፈው መኪና ብዙ ነው። ሹፌሩ ግን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ረዳቱ ጎማ ሲጠብቅ ያድራል። ሽንት ቤት ስለሌለ ሁሉም ሜዳ ይወጣል። ይህን እያየሁ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስወጣና ስወርድ ነው «ለምን እኔ አልሠራውም?» ያልኩት።

ጨረታው ጥር 2012 ወጣ። ሰነድ ገዛሁ፣ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ አስያዝኩ፣ አሸነፍኩ። ሰኔ ላይ ፈረምኩ። ዘጠኝ ወር ገነባን፦ ስምንት ሻወር፣ አሥር ሽንት ቤት፣ አራት ሮቶ፣ 30 ተሳቢ የሚያስቆም ግቢ። ሚያዝያ 2013 ሥራ ጀመርን። በግንባታ ላይ የገጠመኝ ማንም ላይ የሚገጥም ስለሆነ አላደክማችሁም።

ባንኩን ግን ሳላነሳ አላልፍም። መሬቱ በስሜ ስላልሆነ ካርታ የለኝም። ካርታ ከሌለ ማስያዣ የለም። «ውሉን ላስይዝ፤ 15 ዓመት ገቢ የሚያስገባ ውል ነው» ስል የብድር ባለሙያው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ትልልቅ የአጋርነት ፕሮጀክቶች ብድር የሚያገኙት ፕሮጀክቱ ራሱ በሚያስገባው ገቢ ተማምኖ የሚያበድር ስላለ ነው። እኔ ያስያዝኩት የደሴ ቤታችንን ነው። ባለቤቴ ሲፈርም እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። እዚያች ቀን ላይ ተነስቼ ብወጣ ኖሮ ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ውሉ ላይ ሻወር 15 ብር፣ ሽንት ቤት 3 ብር፣ የተሳቢ ማደሪያ 60 ብር ተብሎ ተቀመጠ። ቁጥሮቹን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ጨረታው ዝቅተኛ ታሪፍ ላቀረበ ነጥብ ስለሚሰጥ ለማሸነፍ ዝቅ አደረግሁ። ከቁጥሮቹ ሥር አንድ መስመር አለ፦ «ታሪፉ እንደ አስፈላጊነቱ በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ሊሻሻል ይችላል።» አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ጥሩ መስሎኝ አለፍኩት።

ጠበቃ ላሳይ ብዬ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ሰኔ 30 ሳይገባ ካልተፈረመ በጀት ዓመቱ ያልፋል። ደግሞም ሞዴል ውል ነው፣ አይነካም» አለኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹም ተቀያይረዋል። በእሱ ከምናደደው በላይ በራሴ እናደዳለሁ። በአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ላይ ለአምስት ብር ግማሽ ሰዓት የምከራከር ሰው ነኝ። የ15 ዓመት ውል ግን በሰኔ 30 ተዋክቤ ፈረምኩ።

ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ሲመለሱ ወደ ግቢው ሄድኩ። ጄኔሬተሩ የለም። ፓምፑ የለም። ሁለቱ ሮቶ ተበስቷል። የሻወር ራሶቹ እንኳ ተነቅለዋል። ሰው ልጁን ባጣበት ወቅት ስለ ንብረት ብዙ ማውራት ይከብደኛል። ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ገዛሁ፤ በአዲስ ዋጋ። ሐምሌ 2014 ደግሞ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ጀመረ። መብራት በጠፋ ቁጥር ፓምፑን የምናስነሳው በናፍጣ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በቦቴ እናስቀዳለን። ሻወሩ ግን ያው 15 ብር ነው።

አንድ ቀን ንጋት ላይ ቆሜ ሒሳቡን ሠራሁት። አንድ ሹፌር ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ነው፤ አቧራው ቅንድቡ ላይ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል። 11 ደቂቃ ቆየ። ሮቶው ላይ በቀለም ያሰመርኩትን ምልክት አየሁ፤ ሰባ ሊትር ገደማ ወርዷል። የቦቴውን ውሃ፣ ናፍጣውን፣ ሳሙናውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ደመወዝ ደምሬ ሳካፍለው አንዱ ሻወር 27 ብር ይፈጃል። ሹፌሩ 15 ብሩን ሰጠኝና «እናቴ፣ አላህ ይስጥሽ፤ ነፍሴ መለስ አለች» ብሎኝ ወጣ። ምርቃቱ ደስ አሰኘኝ። የጎደለው 12 ብር ግን ከሱቄ ነው የተከፈለው። በቀን ስልሳ ሰባ ሰው ይታጠባል።

ነሐሴ 2014 የመጀመሪያውን ደብዳቤ አስገባሁ። ሻወሩ 30 ብር ይሁንልኝ ነው ያልኩት። አራት ወር ዝም። ሄጄ ስጠይቅ «ለበላይ ይቀርባል» አሉኝ። ሚያዝያ 2015 ኃላፊው ተቀየረ። አዲሱ ፋይሉን አላገኘውም፤ ኮፒ አመጣሁለት። «የዋጋ ጥናት አያይዢ» አለኝ፤ አያያዝኩ። «ጥናቱ በገለልተኛ ባለሙያ ይሠራ» አለኝ፤ 45 ሺህ ብር ከፍዬ አሠራሁ። ጥናቱን ይዤ ስሄድ ሦስተኛ ኃላፊ ተቀምጧል። እሱ ደግሞ ሳይገልጠው «በዚህ ጊዜ ሕዝብ ላይ ዋጋ መጨመር ተገቢ አይመስለኝም» አለኝ። ሻወሩ ውሃ ሲያጣ የሚሰደበው ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ጥቅምት 2016 ስብሰባ ተጠራ። የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ባለሙያ ውሉን አወጣ። ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። ገጹን ወደ እኔ አዞረና ጣቱን አንዷ ቃል ላይ አሳረፈ። «ወይዘሮ፣ ይቺን ያንብቡልኝ። ‹ይችላል› ነው የምትለው፤ ‹ይሻሻላል› አትልም። ‹በስምምነት› ይላል፤ እኛ አልተስማማንም።» ቀጥሎ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1764 ጠቀሰልኝ። ሁኔታዎች ተለውጠው ግዴታው በአንዱ ወገን ላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቀራል የሚል ነው። ምን ልበል? ጣቱን እያየሁ ዝም አልኩ። ያቺን ቃል ከሦስት ዓመት በፊት እኔ ነበርኩ ጣቴን ላሳርፍባት የሚገባኝ።

ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ፓምፕ፣ ቧንቧ፣ ቫልቭ፣ ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነው። ሦስቱን ሻወሮች ዘጋሁ። በሩ ላይ «ብልሽት» ብዬ ለጠፍኩ። ብልሽት አልነበረም፤ ያን ወረቀት ስለጥፍ ያፈርኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ትልልቆቹ እንዴት እንደሚዋዋሉ ያነበብኩት ያን ሰሞን ነው። እኔ በፈረምኩበት በዚያው በ2012 በሶማሌ ክልል ጋድ፣ በአፋር ክልል ዲቸቶ ለሚሠሩ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ጨረታውን ያሸነፈው የሳዑዲው አክዋ ፓወር ያቀረበው ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ልብ በሉ፤ በዶላር ሳንቲም። ምንዛሪው ሲናጋ አደጋው የማን ይሆናል የሚለውን እነሱ ገና ዋጋ ሲሰጡ አስበውበታል። አጋርነት ውስጥ ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነው፤ አደጋው በማን ትከሻ ላይ ነው? እኔ ሳላውቀው ሁሉንም ተሸክሜዋለሁ።

በመጨረሻ ደሴ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ውሉን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ ተዋዋይሽ ማን ነው?» አሉኝ። መንግሥት ነው አልኩ። «እንግዲያ 1764 ለብቻው ምን ሊሠራ መጣ?» በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 3131 ጀምሮ ስለ አስተዳደር ውሎች፣ ማለትም መንግሥት ስለሚገባቸው ውሎች፣ ለብቻው ይደነግጋል። ያልታሰበ ነገር መጥቶ የውሉን ሚዛን ካናጋው፣ ከመንግሥት ጋር የተዋዋለው ሰው መንግሥት ኪሳራውን እንዲጋራው መጠየቅ ይችላል። ሕዝብ የሚገለገልበት ሥራ እንዳይቋረጥ ተብሎ የተቀመጠ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለምን ስመላለስ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። መብቴን እንደ ልመና ነበር የማቀርበው።

መስከረም 2017 በጠበቃው በኩል አንድ ደብዳቤ ገባ። ጥር 2017 የማሻሻያ ውል ተፈረመ። ከሁለት ዓመት በላይ ስመላለስበት ያላለቀውን ነገር አራት ወር ጨረሰው። ማሻሻያው ላይ ያስገባሁት ይህ ነው፦ ታሪፉ በየዓመቱ መስከረም ላይ በውሃ ዋጋ፣ በናፍጣ ዋጋና በደመወዝ ለውጥ መጠን ይሰላል። ስሌቱን አስገባለሁ። በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ተቃውሞ ካልመጣ ይጸድቃል። ያቺ «ካልመጣ ይጸድቃል» የምትለዋ ለእኔ ከገንዘቡም ትበልጣለች። ዝምታ ከዚህ በኋላ የሚጎዳው እኔን ብቻ አይሆንም።

ሻወሩ አሁን 45 ብር ነው። ከሹፌሮቹ የቀረ የለም። «ውሃ ይኑር እንጂ» ነው የሚሉት። ያለፈው ኪሳራዬ፣ ወደ 640 ሺህ ብር፣ አልተመለሰም። እሱን ለመተው የተስማማሁት ማሻሻያው እንዲፈረም ነው። ልክ ሠራሁ ወይስ ተሳሳትኩ፣ እስካሁን አልለየልኝም።

ለሚጠይቁኝ የምላቸው እንዲህ ነው። ሞዴል ውል አይነካም ቢሏችሁ ንኩት። ሞዴል ማለት መነሻ ማለት ነው። ዝቅተኛ ታሪፍ አቅርባችሁ አታሸንፉ፤ በኋላ ታሪፍ ለማስተካከል የምትለምኑት ያንኑ መሥሪያ ቤት ነው። በየሥልጠናው «መጀመሪያ የአዋጭነት ጥናት» ይባላል። ጥናት ያስፈልጋል፣ እኔም አሠርቻለሁ። ግን እኔ መጀመሪያ የማነበው ውሉ እንዴት እንደሚቋረጥ የሚለውን ነው። የእኔ ውል ላይ መንግሥት ቀድሞ ቢያቋርጥ «ተመጣጣኝ ካሳ» ይከፈላል ይላል። ማን ያሰላዋል? በምን? አይልም። ይህን ማሻሻያው ላይ ላስገባ ሞክሬ አልተሳካልኝም፤ ሌሊት ሌሊት እሱን ነው የማስበው።

አዋጅ አለ ብላችሁም አትዘናጉ። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ጥሩ አዋጅ ነው፤ ቦርድ አለው፣ ገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ የሚገመግም ባለሙያ አለው። ግን የተጻፈው ለፌዴራል ፕሮጀክቶች ነው። የእኛን ዓይነት ትንሽ ውል ማንም አይገመግምላችሁም። ጠበቃችሁ ነው ቦርዳችሁ። ለእሱ የሚከፈለውን አትሳሱ፤ እኔ የሰሰትኩት ስንት እንዳስወጣኝ ነገርኳችሁ።

ጓደኞቼ «ታሪፍ እስኪያስተካክሉ ድርሻቸውን አትክፈዪ» ይሉኝ ነበር። አልሰማኋቸውም። ከገቢው የመንግሥትን ድርሻ አንድም ወር ሳላጓድል ከፍያለሁ፤ በከሰርኩባቸው ወራትም። ጠበቃው ደብዳቤውን ሲጽፉ መጀመሪያ የጠየቁኝ ደረሰኞቹን ነው። በዚህ እኮራለሁ። አንዲት ወር ብዘልል ኖሮ ውል ያፈረስኩት እኔ እሆን ነበር።

«አጋርነት መተማመን ነው» የሚለውን ደግሞ በፈረምኩ ቀን ሰምቼዋለሁ። ያለኝ ሰው ቅን ሰው ነበር፣ አልጠራጠረውም። በዓመቱ ተዛወረ። ከእሱ በኋላ ሦስት ኃላፊ አይቻለሁ፤ አንዳቸውም የእሱን ቃል አልወረሱም።

አሁን የቀረኝ የጦርነቱ ጊዜ ነው። ግቢው የተዘጋበትና መልሼ የሠራሁበት ሰባት ወር ከ15 ዓመቱ ላይ እንዲጨመርልኝ ጠይቄያለሁ። ውሉ ላይ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የባከነ ጊዜ ይካካሳል» ይላል። ይህኛው «ይችላል» አይልም፤ አጣርቻለሁ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቷል። የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ፤ የተቀበለችኝ ልጅም ፈርማልኛለች።