ነፋሱ ከፈቀደ

ኬፕታውን መሄዴን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቪዛና ስለ ሌባ ነው። ስለ ነፋስ የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማነሣው ነፋሱን ነው፤ እዚያ ከተማ ተራራ መውጣትም፣ ጀልባ መሳፈርም፣ አሸዋ ላይ ጋደም ማለትም የሚሆነው እሱ ሲፈቅድ ነው። ታኅሣሥ ላይ ከሄዳችሁ ደግሞ (እኔ የሄድኩት ያኔ ነው፣ የእነሱ በጋ) ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ አንዴ ከተነሣ ለቀናት አይተኛም። የከተማውን ጭስ ጠርጎ ስለሚወስድ "ኬፕ ዶክተር" ይሉታል። ይሁን፣ ዶክተር ነው። መሀል ከተማ አንዲት እናት የመብራት ምሰሶ በሁለት እጃቸው አቅፈው ቆመው፣ ቀሚሳቸው እየተውለበለበ፣ እየሳቁ መንገድ ለመሻገር ፋታ ሲጠብቁ ካየሁ በኋላ ግን ሕክምናው ጠንከር ያለ መሆኑን ተረድቻለሁ።

የጉዞውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደኋላ ስለሆነ እንቅልፍ አይዛባም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፣ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ሶኬታቸው ሦስት ወፋፍራም ክብ ቀዳዳ ያለው ነው፤ አስማሚ ያዙ። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ሌባውን በተመለከተ፣ ስልክ በእጅ ይዞ መንገድ ለመንገድ አለመሄድ፣ ከመሸ በኋላ በእግር አለመንቀሳቀስ፤ መርካቶ ያደገ ሰው ትምህርቱን ጨርሷል።

"ከመሸ በኋላ" ስል ግን የእነሱ ምሽት ሌላ ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ስትጠልቅ የኖርን ሰዎች ነን። እዚያ በታኅሣሥ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የምትጠልቀው። እራት በልተን ስንወጣ ልጆች ገና በጠራራ ፀሐይ ኳስ ይጫወታሉ። ሰውነቴ እስከ መጨረሻው አልለመደውም።

አሁን ወደ ተራራው። ስለ ቴብል ማውንቴን (የጠረጴዛ ተራራ ማለት ነው) ለሀበሻ ሲወራ አንድ ነገር መደበቅ አይቻልም፤ ከፍታው 1,086 ሜትር ነው። መስቀል አደባባይ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ከዚያ ተራራ አናት ከእጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ነው የቆመው። ይህን ለአስጎብኚያችን ስነግረው ሳቀብኝ፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፣ ከዚያ ዝም አለ። ግን ልዩነት አለው። የእኛ ከፍታ ሰፊ አገር ይዞ ነው የወጣው፤ እግራችን ሥር ጥልቀት አይታየንም። እዚያ ባሕሩ ዳር ቆማችሁ ቀና ስትሉ ሙሉው አንድ ሺህ ሜትር ከፊታችሁ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አናቱ በመጋዝ የተከረከመ ይመስል ጠፍጣፋ ነው። አንገት ያማል።

በኬብል ካር ነው ብዙው ሰው የሚወጣው። መስመሩ የተከፈተው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው፣ የአሁኖቹ ክብ ካቢኖች 65 ሰው ይይዛሉ፣ ወለላቸውም እየወጡ ስለሚዞር ሁሉም ሰው በየተራ ባሕሩንም ተራራውንም ያያል፤ መስኮት ለመያዝ መገፋፋት የለም። ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው። ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ያቆሙታል፣ ልመናም አይሠራም። ስለዚህ "ማክሰኞ ተራራ፣ ረቡዕ ደሴት" ብላችሁ አትመድቡ። ጠዋት ስትነሡ ኬብል ካሩ መሥራቱን እዩ፣ የሚሠራ ከሆነ ቁርሱን ትታችሁ ሂዱ። እኛ በመውጣት ላይ ፕላተክሊፕ በሚባለው የድንጋይ ደረጃ በእግር ሄድን። ጥላ የለውም፣ ጉልበት ይበላል፣ ግን የሚያስፈራ ገደል የለውም። ውኃ በደንብ ያዙ፣ ብቻችሁን አትውጡ።

አናቱ ላይ ሁሉም ቱሪስት ስልኩን ደግኖ አንድ ቋጥኝ ከብቦ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ሽኮኮ! ፀሐይ እየሞቀ፣ ለማንም ሳይጨነቅ። "ይሄ አይጥ ነው?" የምትል ፈረንጅ አጠገቤ ነበረች፣ የዝሆን ዘመድ መሆኑን ስነግራት የቀለድኩባት መሰላት። እውነት ነው እኮ፣ ባዮሎጂ ያጠና ይጠየቅ።

በነፋስ ቀን ተራራውን ከታች ማየት በራሱ ትርዒት ነው። ነፋሱ ከባሕር ያመጣውን እርጥብ አየር ከጀርባ በኩል ሽቅብ ይገፋዋል፣ አየሩ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፣ አናቱን ያለብሳል፤ ከዚያ በከተማው በኩል ቁልቁል መፍሰስ ይጀምርና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ሞቆ ይጠፋል። ይፈሳል ይፈሳል፣ ታች የሚደርስ ነገር የለም። የጠረጴዛ ልብስ ይሉታል። ሻይ ይዤ በረንዳ ላይ ይህንን ብቻ ሳይ ከሰዓት በኋላዬን አሳልፌያለሁ፣ አልቆጨኝም።

ባሕሩስ? ካምፕስ ቤይ ነጭ አሸዋ አለ፣ ዘንባባ አለ፣ ከኋላ ተራራው አለ፣ ፎቶ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ፎቶ ላይ የማይታየው የውኃው ብርድ ነው። ሃያ ስምንት ዲግሪ በሆነ ቀን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ አሸዋው ላይ ተሰጥቶ፣ ውኃ ውስጥ ከጉልበቱ በላይ የገባ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። እኔም ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ገብቼ አጥንቴ ሲያመኝ ወጣሁ። በዚህም ውስጥ የነፋሱ እጅ አለበት። የላዩን ሞቅ ያለ ውኃ ከዳርቻው ወደ አትላንቲክ ይገፋዋል፣ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛው ይወጣል። በጋው በጋ በሆነ ቁጥር፣ ነፋሱ በበረታ ቁጥር ውኃው ይብሳል ማለት ነው።

መዋኘት የሚፈልግ ሰው ተራራውን ዞሮ በፎልስ ቤይ በኩል ሚዘንበርግ ይሂድ። ውኃው ይሻላል፣ ማዕበሉም ለጀማሪ የሚሆን ነው፣ በቀለም ያበዱ የእንጨት ጎጆዎች ተደርድረዋል። እዚያ ባንዲራ እዩ። ከተራራው ወገብ ላይ ተቀምጠው ባሕሩን በመነጽር የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፣ ሥራቸው ሻርክ መፈለግ ነው። አረንጓዴ ከሆነ አካባቢው ሰላም ነው፤ ጥቁር ከሆነ ውኃው ጥርት ስላላለ አይታያቸውም ማለት ነው፤ ነጩ ባንዲራ ወጥቶ ሳይረን ከጮኸ ጥያቄ ሳታበዙ ውጡ። ላንጋኖ ዋና ለተማረ ሰው ይህ አዲስ ዓይነት ሥርዓት ነው።

ከሚዘንበርግ ትንሽ እልፍ ስትሉ ካልክ ቤይ የሚባል የዓሣ አጥማጆች ወደብ አለ። ግዙፍ የባሕር ውሾች ጀልባዎቹ አጠገብ ተኝተው የዓሣ አንጀት እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ነበርኩ። ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ ከድንች ጋር በወረቀት ተጠቅልሎ ከፊቴ ቀረበ፣ ለእናቴ ደወልኩ። "ዓሣ ይበላል አይደል እማዬ?" "ማን ነው ይበላል ያለህ?" "ሁሉም ይበላል እኮ።" ዝም አለች፣ ከዚያ፣ "እዚያ ሌላ ምን አለ?" "ቋሊማ።" "እንግዲያው ብላና ለንስሐ አባትህ ንገር።" በላሁ።

ሮበን ደሴት ለመሄድ ትኬት ቀደም ብሎ መግዛት ያስፈልጋል፣ በጋ ላይ ያልቃል፣ ማዕበል ካለም ጀልባው አይነሣም። የሄድንበት ቀን ባሕሩ ተኝቶ ነበር። እስር ቤቱን የሚያስጎበኙት ራሳቸው እዚያ የታሰሩ ሰዎች ናቸው፤ የእኛው ሽማግሌ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቁልፉን ሲያንቃጭሉ እጃቸው ያወቀበት። ማንዴላ ከ27 ዓመት እስሩ 18ቱን ያሳለፈው እዚያ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ሰው እጁን ቢዘረጋ ግድግዳ ለግድግዳ ሊነካ ምንም አይቀረው። ከየት እንደመጣን ሲጠይቁን "ኢትዮጵያ" አልኩ፣ ሽማግሌው "ኮልፌ!" አሉ። እውነታቸውን ነው። ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው ኮልፌ ነው፣ ካሠለጠኑትም አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ናቸው። ወደ አገሩ ተመልሶ ብዙ ሳይቆይ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ተያዘ። ኮልፌን በየቀኑ በታክሲ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ስሙን ግን እንደዚያ ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ደሴቲቱ ላይ እስረኞቹ የኖራ ድንጋይ ይፈለፍሉበት የነበረ ጉድጓድ አለ። ነጩ ድንጋይ የፀሐዩን ብርሃን እየመለሰ የብዙዎችን ዓይን ጎድቷል፣ የማንዴላንም። መግቢያው ላይ ትንሽ የድንጋይ ቁልል አለ። በ1995 እ.ኤ.አ. የቀድሞ እስረኞቹ ተመልሰው ሲገናኙ እያንዳንዳቸው ድንጋይ አንሥተው ያስቀመጡት ነው። ምንም አጥር የለውም፣ የድንጋዮቹም መጠን አንድ አይደለም፤ አንዱ የጡብ ያህላል፣ አንዱ በቡጢ ይያዛል።

ከተማው ውስጥ የዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም እንዳያመልጣችሁ። የአፓርታይድ መንግሥት በ1966 እ.ኤ.አ. ሰፈሩን ለነጮች ብቻ ብሎ አወጀ፣ ከ60,000 በላይ ሰው ተነሥቶ ራቅ ወዳለው አሸዋማ ሜዳ ተወሰደ፣ ቤቱም ፈረሰ። ሙዚየሙ ወለል ላይ የድሮው ሰፈር ካርታ ተነጥፏል፣ የተነሡት ሰዎች ቤታቸው የነበረበት ላይ ስማቸውን ጽፈዋል። አዲስ አበባ ላይ ሰፈሩ ሲፈርስበት ያየ ሰው እዚያ ካርታ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ አይወጣም።

አሁን ቤልቪል፣ ከመሀል ከተማው ወጣ ያለ ሰፈር ነው። ቱሪስት አይሄድም፣ እኔ እንጀራ ፍለጋ ሄድኩ። የባቡር ጣቢያው አካባቢ የሶማሌና የሀበሻ ሱቅ ሞልቷል፣ አማርኛና ሀዲይኛ እየሰማችሁ ነው የምታልፉት። ብርድ ልብስና ሹራብ የሚሸጥ የሆሳዕና ልጅ ቡና ካልጠጣህ ብሎ ያዘኝ። በእግርና በመኪና፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ አድርጎ ነው የመጣው፤ መንገዱን በአጭሩ ነው የነገረኝ፣ እኔም አላስረዘምኩትም። ተራራውን ወጥተህ ታውቃለህ? አልኩት። "ጋሼ፣ ተራራው የት ይሄዳል? እሁድም እንሸጣለን።" ነፋሱስ? አልኩት። ሳቀ። "እሱ ሲመጣ ሸራውን በድንጋይ እንይዛለን፣ የሰቀልነውን ልብስ እናወርዳለን፣ ገበያ የለም።" የቡናውን ሒሳብ ልክፈል ብል ተቆጣኝ።

ፔንግዊኖቹን ሳልጠቅስ ብቀር ትቀየማላችሁ። ሳይመንስ ታውን አካባቢ ቦልደርስ የሚባል ዳርቻ ነው ያሉት፣ በእንጨት መንገድ ላይ ሆናችሁ በቅርብ ታያላችሁ። ያምራሉ፣ ይሸታሉም። ዝርያቸው በ2024 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል፣ ዋናው ችግራቸው የሚበሉት ዓሣ ማነሱ ነው። ኬፕ ፖይንት ደግሞ መልኩ ድንቅ ነው፣ ብቻ "ሁለቱ ውቅያኖሶች የሚገናኙት እዚህ ነው" ብሎ ፎቶ የሚያነሣችሁን አትመኑት። የአህጉሩ ደቡባዊ ጫፍ አጉልሃስ ነው፣ ከዚያ በመኪና ሰዓታት ይርቃል። ምግብ በእጃችሁ አትያዙ፣ ዝንጀሮው ይነጥቃችኋል።

መቼ ልሂድ ለምትሉኝ፣ ከቻላችሁ ታኅሣሥን ለእነሱ ተዉላቸው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ አገሩ በሙሉ ባሕር ዳር ነው፣ አልጋ ውድ ነው፣ ነፋሱም ያኔ ነው ጉልበቱ። የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ ሙቀቱ አለ፣ ነፋሱ ጋብ ይላል፣ ሕዝቡም ወደ ሥራው ተመልሷል። ብቻ ያኔ ዐቢይ ጾም ስለሚሆን የዓሣውን ጉዳይ ከእናቶቻችሁ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ።