የሶሌም መነኮሳት ዜማ

ከፓሪስ በፈጣኑ ባቡር ወደ ምዕራብ ተጉዤ ሳብሌ ወረድሁ። ሶሌም ከዚያ ብዙ አትርቅም። የቅዱስ ጴጥሮስ ገዳም ከሳርት ወንዝ በላይ እንደ ምሽግ ቆሞ ከሩቅ ይታያል።

የሄድሁት የግሪጎርያን ዜማን፣ ማለትም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ የላቲን ዜማ፣ ለመስማት ነው። ዘማሪዎቹ ሁሉ አንዱን ዜማ ብቻ ያዜማሉ፤ ከሥሩ የሚደግፈው ሌላ ድምፅ የለም። ወቅቱ ዐቢይ ጾማቸው ስለ ነበር ኦርጋኑም አላጀበም። ይህን ዜማ ለመስማት ከጾም የተሻለ ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

በሠርክ ጸሎት መነኮሳቱ በግራና በቀኝ ቆመው መዝሙረ ዳዊትን በላቲን ይቀባበላሉ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው በእያንዳንዱ ቁጥር አጋማሽ ላይ ያለው ዝምታ ነው። ሁሉም በአንድነት ያቆማሉ፤ የቃሉ ድምፅ ከጣሪያው ሥር እስኪጠፋ ይጠብቃሉ፤ ከዚያም ማንም ምልክት ሳይሰጥ በአንድ ትንፋሽ ይቀጥላሉ። ከበሮ የለም፣ የተቈጠረ ምት የለም፤ የድምፁን ርዝመትና እጥረት የሚወስነው ቃሉ ነው። አንዱ ጥቂት ቢቸኩል ወዲያው ይሰማል፤ መሸሸጊያ የለውምና። ብዙ ድምፅ የተደራረበበት ዝማሬ ስሕተትን ይሸፍናል፤ ይህ ግን አይሸፍንም። ስለዚህም ከሁሉ የከበደ ዝማሬ ነው እላለሁ።

በጎን ክንፍ ያለውን የ1496 እ.ኤ.አ. የጌታን ግንዘት ቅርጽ ፈጥኜ አይቼ አለፍሁ፤ ጆሮዬ ዓይኔን አሸንፎት ነበር።

ዜማው እንዲህ ጠርቶ የደረሰን በድካም ነው። በ1010 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ገዳም በፈረንሳይ አብዮት ተዘግቶ በ1833 ዶም ፕሮስፔር ጌራንዤ መልሰው አቋቋሙት። ያን ጊዜ ጥንታዊው ዜማ ተቈራርጦና ከብዶ ይዜም ነበር። መነኮሳቱ ብራናዎችን ማመሳከር ጀመሩ። ዶም አንድሬ ሞክሮ ከ1889 ጀምሮ የብራናዎቹን ፎቶግራፎች ሲያሳትሙ፣ አንዱን ዝማሬ ብቻ ከ200 በላይ በሆኑ ብራናዎች አቅርበውታል። ቀደምቶቹ የዜማ ምልክቶች የድምፁን ከፍታ የሚያሳይ መስመር የላቸውም፤ ድምፁ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ያመለክታሉ እንጂ በስንት ደረጃ እንደሆነ አይናገሩም። ያን የሚያውቀው የዘማሪው ልብ ነበር። እነዚህን ምልክቶች ከኋለኞቹ ባለ መስመር ብራናዎች ጋር አንድ በአንድ ማነጻጸር ምን ያህል ትዕግሥት እንደጠየቀ ሳስበው ይደንቀኛል። ማኅበሩ ከ1901 እስከ 1922 በእንግሊዟ ዋይት ደሴት በስደት ሲኖር እንኳ ሥራው አልቆመም።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አስቀደስሁ። የጾሙ መጀመሪያ እሑድ ነበር፤ በሃሌ ሉያ ፋንታ ትራክት የሚባለው ረጅም ዜማ ይገባል፤ የዚያ ዕለቱ ደግሞ የዘጠናኛውን መዝሙር አብዛኛውን ክፍል ይዟል። ጥቂት ሰዎች በመካከሉ ወጡ። እኔ ሲያልቅ እንደ ገና እንዲጀምሩት ተመኘሁ።