የመስቀሉ ማጠፊያ

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡልኝ የብር የአንገት መስቀል ለሁለት ተለያይቶ ነበር፤ መስቀሉ ለብቻው፣ ማተቡ የሚያልፍበት ማንጠልጠያ ለብቻው። ከአያታቸው የወረሱት ነው። «ይህን ጠግንልኝ፤ ለልጄም አምሳያውን ሥራልኝ» አሉኝ። «እሺ፣ እትዬ» ብዬ ተቀበልኳቸው። ብር ማቅለጥ፣ መቀጥቀጥና መበየድ እችል ነበር። ማጠፊያ ግን አንድም ቀን ሠርቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ምሽት ምንም ሳልነካ አሮጌውን መስቀል በአጉሊ መነጽር ስመለከት አሳለፍኩ። ከመስቀሉ ራስ ሁለት ትናንሽ አንጓዎች ወጥተዋል፤ ከማንጠልጠያው ደግሞ አንድ። አንዱ በሁለቱ መካከል ይገባና በሦስቱም ውስጥ አንድ ሚስማር ያልፋል። የሚስማሩ ጫፎች በሁለቱም በኩል ተቀጥቅጠው ራስ አውጥተዋል፤ ሪቬት የምንለው ይህን ነው። ሚስማሩ ብረት ስለነበር ዝጎ ተበጥሷል። የመካከለኛው አንጓ ቀዳዳም ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ሆኗል። ሰው ለስግደት ጎንበስ ቀና ባለ ቁጥር መስቀሉ የሚዞረው በዚያች ቀዳዳ ላይ ነው። ማንጠልጠያው እንዲሁ ተበይዶ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ከሥሩ ይሰበር ነበር።

የዚያን ዘመን አንጥረኞች በብዛት የሚያቀልጡት ማርትሬዛን ነበር፤ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር የሆነ፣ መቼም ይመታ መቼ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ገንዘብ። መዳቡ በዛ ስለሚል ጠንካራ ነው። እኔ የምሠራበት ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ የሆነ ብር ከእርሱ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ለአዲሱ መስቀል አንጓዎች የግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብር ቆርቆሮ መረጥኩ። ከዚህ ቢሳሳ ቶሎ ይበላል ብዬ ፈራሁ።

አንጓ የሚሆነው ቀጭን ቀሰም ነው። የፈለግሁት ከውጭ 2.5 ሚሊሜትር የሆነ ቀሰም ነበር። ከዚህ ላይ የቆርቆሮውን ውፍረት ቀንሶ የቀረውን በ3.14 ማባዛት ነው፤ 6.28 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቅዳጅ ይሰጣል። ቅዳጁን በመዶሻ አጎንብሼ፣ በእሳት አለዝቤ፣ ስፋታቸው እየጠበበ በሚሄድ የብረት ሰሌዳ ቀዳዳዎች ውስጥ እየጎተትኩ ጠቀለልኩት። ውስጡ 1.5 ሚሊሜትር ባዶ ቀረ። ከዚያ ሦስት ቁራጭ በመጋዝ ቆርጬ ጫፎቻቸውን ቀጥ አድርጌ ሞረድኩ። ይህን ሥራ ማንም እንዲቸኩልበት አልመክርም። የአንዷ ጫፍ በፀጉር ያህል ካጋደለ አንጓዎቹ ሲገጥሙ ክፍተት ይታያል፤ ያንን ክፍተት ደግሞ በኋላ የሚሸፍነው ምንም ነገር የለም።

የመስቀሉን ራስና የማንጠልጠያውን ጠርዝ አጋጥሜ በክብ ሞረድ ቦይ አወጣሁላቸው፤ አንጓዎቹ የሚተኙት በዚያ ቦይ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ቀና ነበር።

ችግሩ የጀመረው ብየዳው ላይ ነው። ሦስቱንም አንጓዎች በቦዩ ደርድሬ፣ ብየዳው እንዲፈስ የሚረዳውን ቦራክስ ቀብቼ፣ የብየዳውን ብር አብዝቼ አንድ ላይ አቃጠልኳቸው። የቀለጠ ብየዳ ጠባብ ቦታ ይወዳል። በአንጓዎቹ መካከል ሾልኮ ገባና ሦስቱን አንድ አደረጋቸው። የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የማይታጠፍ ድፍን ብር ሆነ።

ሁለተኛውን ስጀምር ዘዴዬን ቀየርኩ። አንጓዎቹ በአንድ መስመር እንዲቆሙ፣ በእሳት አጥቁሬ ዘይት የቀባሁትን የብረት ሽቦ በውስጣቸው አሳለፍኩ። የሚገናኙበትን ቦታ ሁሉ በውኃ በተለወሰ ጠመኔ ቀባሁ፤ ብየዳ ጠመኔ ባለበት አይፈስም። በእያንዳንዱ አንጓ ሥር የጤፍ ፍሬ የምታህል ብየዳ ብቻ አስቀምጬ ለጊዜው እንዲይዙ ያህል አሞቅኳቸው። ከዚያ ሽቦውን ስቤ፣ መስቀሉንና ማንጠልጠያውን ለያይቼ፣ የእያንዳንዱን ብየዳ ለብቻው ጨረስኩ።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት ልናገር። ከብየዳ በኋላ ጥቁረቱን ለማስለቀቅ በሎሚ ጭማቂ እቀቅላለሁ። አንጓዎቹን ለጊዜው ካስያዝኩ በኋላ የብረት ሽቦውን ሳላወጣ ከተትኩትና ብሩ እንደ መዳብ ቀልቶ ወጣ። ብዙ ጊዜ ያገለገለ የሎሚ ውኃ ውስጥ የሟሟ መዳብ አለ፤ ብረት ሲገባበት መዳቡ ተመልሶ ብሩ ላይ ይለጠፋል። ቅላቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ እስካስለቅቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ የሎሚው ድስት አጠገብ የብረት ወረንጦ እንኳ አላስቀምጥም።

ሚስማሩን ከብር ሽቦ ሠራሁት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ስጎትተው ሳላለዝበው ነው፤ ጠንከር እንዲል። ከሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ሚሊሜትር አስተርፌ መዶሻዬን አነሳሁ። ሚስማሩ ራስ ከማውጣት ይልቅ ጎበጠ። ሌላ አስገባሁ፤ እርሱም ጎበጠ። ከጎኔ የሚሠሩት ጋሼ ሥራቸውን አቁመው መጡ። ካሊብሮዬን አንስተው የተረፈውን ለኩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ይህ ለራስ የሚሆን አይደለም፤ ይህ ምሰሶ ነው። የሚስማርህን ውፍረት ግማሽ ብቻ አስተርፍ። መካከሉን አትምታው። ዳር ዳሩን እየዞርክ ንካው፤ አራት አምስት ጊዜ መታ አድርግና ገልብጠው።»

እንዳሉት ከየጎኑ 0.75 ሚሊሜትር ያህል አስቀረሁ። የቀዳዳዎቹን አፍ በትልቅ መሰርሰሪያ ጫፍ ትንሽ አሰፋሁ፤ የሚስማሩ ራስ እዚያ ውስጥ ተኝቶ እንዲይዝ። ትንሿን መዶሻ ይዤ መስቀሉን መስፉ ላይ አስደግፌ ዳር ዳሩን ነካካሁ፤ ገለበጥኩ፤ እንደገና ነካካሁ። ብሩ ከመዶሻው ሥር ቀስ ብሎ ሲሰፋ ይታያል፤ በመጀመሪያ ጠርዙ ይደፈጠጣል፣ ከዚያ ከንፈር ያወጣል፣ በመጨረሻ ከንፈሩ የቀዳዳውን አፍ ሞልቶ ይተኛል። ድምፁም ይለወጣል። ሚስማሩ ገና ሳይይዝ ይንቃጨላል፤ ሲይዝ ድምፁ ይደፈናል። ዛሬ ከዓይኔ ይልቅ የማምነው ይህንን ድምፅ ነው።

ያም ሆኖ ማጠፊያው ጠበቀ። በጣት ካልገፉት አይዞርም። አንጓዎቹን በጣም አቀራርቤ ስመታ እርስ በርሳቸው ተናክሰዋል። መፍትሔውን ያስተማሩኝም ጋሼ ናቸው። የሚስማሩን አንድ ራስ በሞረድ አጥፍቼ አወጣሁት፤ በአንጓዎቹ መካከል በዘይት የራሰ ቀጭን ወረቀት ጣልቃ አስገብቼ በአዲስ ሚስማር እንደገና መታሁ። ከዚያ ወረቀቱን በመርፌ ጫፍ ቀድጄ አወጣሁት። የወረቀቱ ውፍረት ያህል አየር ቀረ። ማንጠልጠያውን ይዤ መስቀሉን ባጋደልኩት ጊዜ በራሱ ክብደት ብቻ ወደቀ።

ወደ አሮጌው መስቀል ስመለስ እሳት ላለማስነካት ወስኜ ነበር። የድሮ ዕቃ ቀድሞ በእርሳስ ተጠግኖ ሊሆን ይችላል፤ እርሳስ ያለበት ብር ሲግል ይበላል፣ ይቦረቦራል። የሪቬት ትልቁ በረከት ይህ ነው፤ ያለ እሳት ይገጠማል፣ ያለ እሳት ይፈታል። ሞላላ የሆነውን ቀዳዳ ክብ እስኪሆን ድረስ ብቻ አስፍቼ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብር ሚስማር ሰጠሁት። የተቀረጸውን ሐረግ አልነካሁትም፤ የብዙ ዓመት ጣት ያሳሳው ነውና።

የአዲሱን መስቀል ሚስማር ራስ ከላዩ ጋር እኩል ሞርዶ ማጥፋት ይቻል ነበር፤ ለዓይን ያምራል። ግን የሰናፍጭ ፍሬ አክሎ ጎላ እንዲል ተውኩት። አንድ ቀን ያችን ቀዳዳ የልጅቷ ስግደት ሲያሰፋት፣ የሚቀጥለው አንጥረኛ ሞረዱን የት እንደሚያሳርፍ ፍለጋ መስቀሉን መቧጨር የለበትም።